መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ

አያታችን በሕይወት ዘመናቸው የተነሱት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ የተቀደደ። ታናሽ እህቴ የሳቸውን ታሪክ በኮላጅ ልሥራ ብላ መቀስ ስታነሳ እናቴ ከእጇ ነጠቀቻት። እውነቷን እኮ ነው! ሌላ የለንማ። ፎቶውን ይዘን አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ሄድን።

ኮላጅ ማለት ፎቶና ጋዜጣ ቆራርጦ፣ አጣብቆ አዲስ ሥዕል መሥራት ነው። ታሪክም ይነገርበታል። ጥቁር አሜሪካዊው ሮማሬ ቤርደን እ.ኤ.አ. በ1964 ከመጽሔት የቆረጣቸውን ፊቶችና እጆች ለጥፎ የሃርለምንና የትውልድ አገሩን የሰሜን ካሮላይናን ሕይወት አሳየ። ትናንሾቹን ሥራዎች በፎቶ ዘዴ በጥቁርና ነጭ አሳድጎ ነው ለእይታ ያቀረባቸው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒ ደግሞ በ1986 የቢሮ ኮፒ ማሽን ይዞ፣ አንዱን ወረቀት ደጋግሞ እያሳለፈ፣ በየዙሩ ቀለም እየጨመረ ሥዕል ሠራበት።

ወደኛ ልመለስ። የድሮ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር አስደርጉት። በጥቁር ብቻ ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል፣ የወረቀቱ ቡናማነትም ይጠፋል። ኦሪጅናሉን ደግሞ መስታወቱ ላይ ብቻ! ልጁ ከላይ ባለው ማስገቢያ ሊሰደው ሲል እህቴ ጮኸች። እዚያ ውስጥ ቢጨማደድ ማን ይመልስልናል?

ከዚያ መጠን አለ። 141 በመቶ ስትሉ ኤ4 የነበረው ኤ3 ይሆናል፤ 71 ስትሉ ተመልሶ ያንሳል። ትልቁ ቅርብ ይመስላል፣ ትንሹ ሩቅ። እህቴ አያታችንን በሦስት መጠን አስወጥታ አንድ ገጽ ላይ አደረገቻቸው፦ ከሩቅ መንገድ ላይ፣ ደጃፍ፣ ከዚያ ፊታቸው ብቻ። አንዲት ፎቶ ጉዞ ሆነች።

ለጥፋችሁ ስትጨርሱ ሙጫው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሥራውን መስታወቱ ላይ ገልብጣችሁ እንደገና ኮፒ አስደርጉ። ማሽኑ የቀለም ዱቄቱን በሙቀት አቅልጦ ወረቀት ላይ ስለሚያጣብቀው፣ ቁርጥራጩ ሁሉ አንድ ገጽ ሆኖ ይወጣል። የመቀሱ ጠርዝ ጥላ ካሳየ ጫኑት፣ ወይም ተዉት። እኔ ብተወው ደስ ይለኛል።

እናቴ ሥራውን አየችና፦ «በሩ እኮ በዚህ በኩል አልነበረም» አለች። ስለዚያ ቤት ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴ በሩን ከሌላ ኮፒ ቆርጣ በግራ በኩል ለጠፈችው። ዋናው ፎቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።