ሁለታችንም ቫይረሱ አለብን፤ ታዲያ ኮንዶም ለምን?

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ)

ለዝግጅታችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በእኔም በባለቤቴም ደም ውስጥ ኤችአይቪ አለ። ሁለታችንም ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንወስዳለን። ከዚህ በኋላ ኮንዶም ምን ይጠቅመናል?» ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። «ተጠቀሙ ተብላችኋል ተጠቀሙ» ብሎ ማለፍም መልስ አይሆንም።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን እንናገር። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው፣ ኤችአይቪን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ለኤችአይቪ ብቻ ነው። ኤችአይቪ ደግሞ ዘመዶች አሉት።

ኤችአይቪ «ሬትሮቫይረስ» ከሚባሉት ቫይረሶች ወገን ነው። እነዚህ ቫይረሶች ወደ ሰው ሕዋስ ይገቡና የራሳቸውን መመሪያ ከሕዋሱ የዘር መመሪያ ጋር ይሰፉታል። አንዴ ከተሰፋ የሚፈታው መድኃኒት እስካሁን የለም። በአካባቢያችን የሚገኘው በአብዛኛው ኤችአይቪ-1 ነው። ኤችአይቪ-2 በምዕራብ አፍሪካ ይበዛል፤ ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ አይሠሩበትም፣ ዶሉቴግራቪር ግን ይሠራበታል። ዛሬ በሰፊው ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ኤችቲኤልቪ-1 ነው።

ይህ ቫይረስ የታወቀው ከኤችአይቪ ቀድሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰዎች በደማቸው ውስጥ እንዳለ ይገምታል። በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ በካሪቢያን ደሴቶች፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ በመካከለኛውና በምዕራብ አፍሪካ በብዛት ይገኛል። በካኩማም ሆነ በሌሎች ካምፖች የብዙ አገር ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። ይህን የምንለው ጎረቤታችሁ ላይ ጣት እንድትቀስሩ አይደለም፤ ቫይረስ የመታወቂያ ካርድ አይጠይቅም።

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤችአይቪ ራሱ በ1984 እ.ኤ.አ. ገደማ «ኤችቲኤልቪ-3» ይባል ነበር። ዛሬ ወደ አሜሪካ የሄደ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ደም ቢለግሱ ደማቸው ለኤችቲኤልቪም ይመረመራል። «ተገኝቶብሃል» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው ኤችአይቪ ማለት አይደለም። በተቃራኒውም የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ ኤችቲኤልቪን አያሳይም። አንዱ ነፃ ነው ማለት ሌላው ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ሁለቱም የሚኖሩት ሲዲ ፎር በሚባለው የሰውነት ወታደር ውስጥ ነው። ኤችአይቪ ሲዲ ፎርን ይገድላል። ኤችቲኤልቪ-1 ግን እንዲባዛ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱም ያሉበት ሰው ሲዲ ፎሩ ሲቆጠር ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ መከላከያው ግን ቁጥሩ የሚያወራውን ያህል ጠንካራ ላይሆን ይችላል። ወታደሩ በዝቷል፣ የሚተኩሰው ጥቂት ነው እንበል። ድሮ መድኃኒት የሚጀመረው ሲዲ ፎር ከ200 በታች ሲወርድ በነበረበት ጊዜ ይህ ሰዎችን ሊያዘገይ ይችል ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ኤችአይቪ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን መድኃኒት እንዲጀምር ነው። ዛሬም ግን «ሲዲ ፎሬ 600 ነው፣ ትንሽ ልረፍ» ብለው መድኃኒቱን የሚያቆሙ ወገኖች አሉ። እባካችሁ አታቁሙ። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚናገረው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው፤ እሱን ጠይቁ።

ኤችቲኤልቪ-1 ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከ100ው 90 ያህሉ፣ ምንም ሳያማቸው ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። በጥቂቶች ላይ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የደም ካንሰር ወይም የኅብለ ሰረሰር ሕመም ያመጣል። ኤችአይቪም አብሮ ሲኖር ይህ የኅብለ ሰረሰር ሕመም የበለጠ እንደሚታይ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። በአገራችን የጓያ ሽባነት ያዩ ሰዎች መልኩን ያውቁታል፦ እግር ይገተራል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰውየው ዱላ ይይዛል። ጓያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይይዝና ባለበት ይቆማል። ይህኛው ቀስ እያለ በየዓመቱ ይብሳል፤ ከእግሩ ጋር ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም አልወጣ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የወገብ ሕመም፣ በወንዶች ላይም ስንፈተ ወሲብ አብሮ ይመጣል። ብዙዎች ስለ ሽንታቸው ለሐኪም መናገር ስለሚያፍሩ «እግሬን ደከመኝ» ብቻ ብለው ይመለሳሉ። ንገሩት። እንዲህ ያለ ምልክት የአከርካሪ አጥንት ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

እናቶች በተለይ ይህን አድምጡ። ኤችቲኤልቪ-1 ከእናት ወደ ልጅ በዋናነት የሚያልፈው በጡት ወተት ነው፤ ቫይረሱ ካለባት እናት ለረዥም ጊዜ ከጠቡ ልጆች ከ5ቱ አንዱ ገደማ ይያዛል። በጃፓን ናጋሳኪ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች ጡት እንዳያጠቡ እየተመከሩ የሚያዙ ልጆች በእጅጉ ቀንሰዋል። ይህ ግን ንጹሕ ውኃና የዱቄት ወተት በማይቸግርበት አገር ነው። እናንተ ይህን ሰምታችሁ ጡት እንዳትነሱ! በካምፕ ውስጥ ባልተፈላ ውኃ የተበጠበጠ ወተት ሕፃኑን በተቅማጥ ሊገድለው ይችላል። ኤችአይቪ ያለባት እናት መድኃኒቷን እየወሰደች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ታጥባ፤ ከዚያ በኋላ ምግብ እየጨመረች ማጥባቷን ትቀጥል። ሌላ ምክር ካስፈለገ የሚሰጣችሁ የጤና ባለሙያ ነው።

እንግዲህ ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ኤችቲኤልቪ-1 የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ፣ በደምና በጡት ወተት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት አያጠፋውም፤ በደም ውስጥ ኤችአይቪ አለመታየቱም እሱን አያግደውም። ቂጥኝና የጉበት ቫይረስም እንዲሁ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ከባልና ሚስቱ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ኮንዶሙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ኮንዶሙን ከመተዋችሁ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱና የቫይረስ መጠናችሁን፣ የቂጥኝና የጉበት ምርመራ ውጤታችሁን ጠይቁ። የኤችቲኤልቪ ምርመራ ግን በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም፤ ስለዚህ እግራችሁና ሽንታችሁ የሚነግራችሁን ሳትደብቁ ንገሩ። ምላጭና መርፌ አትዋዋሱ፤ ፀጉር የሚላጭላችሁንም ሰው «አዲስ ምላጭ» ብላችሁ ጠይቁት፣ ቢከፋውም ይክፋው።