ዝሆንን ለማገልገል ለሚሻ ወጣት

ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ፣ በየጁቤ አቅራቢያ፣ ባሶ የሚባል ታላቅ ገበያ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ የመጣ የዝሆን ጥርስ በዚያ ይሸጥ ነበር። የጎጃም ደጋ ከዝሆን ያወቀው በአጋሰስ ጀርባ ተጭኖ የሚያልፈውን ጥርሱን ነው።

ዛሬ ግን ባሕር ተሻግረው ዝሆንን በፈቃዳቸው ለማገልገል የሚመኙ ወጣቶች አሉ። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ታይላንድ በ1981 ዓ.ም. የደን ቈረጣን በከለከለች ጊዜ ግንድ ጎታቾቹ ዝሆኖች ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም የአገር ጎብኚ መጫወቻ ሆኑ። ስለዚህ «የዝሆን መጠጊያ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለውን ሁሉ አንመን። በእውነተኛው መጠጊያ ዝሆን አይጋለብም፣ ትርኢትም አያሳይም። አገልጋዩ መኖ ያዘጋጃል፣ ፋንድያ ይጠርጋል፣ ዝሆኑንም ከሩቅ ያያል።

ደግሞስ ከመካከላችን ባቢሌን የሚያውቅ ስንቱ ነው? በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖች የተከለለ ምድር ነው። እርሻ፣ ሰፈራና ሕገ ወጥ አዳኝ ከየአቅጣጫው ያስጨንቁታል። በዚያ የሚያስፈልገው የሚጠብቅ፣ የሚቈጥር፣ ገበሬውንና ዝሆኑን የሚያስታርቅ የተማረ ሰው ነው።

ይህም ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ቅዳሜ ገበያ ይውረድ። ጀርባው የተላጠ አህያ ባየ ጊዜ ባለቤቱን በትሕትና ቀርቦ ስለ ደኅና ኩርታን ያማክረው። አገልግሎቱን በዚያች ቀን ጀመረ ማለት ነው።