የተራበ ሰውነት

ዛሬ የምንነጋገረው መድረክ ላይ ብዙም ስለማይነሳ ነገር ነው፤ ስለ ሰውነታችን፣ ስለ ውፍረቱና ስለ ክሳቱ። «አገልጋዩ ዛሬ ደግሞ ሐኪም ሆነ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ግድ የለም፣ ታገሡኝ።

ሐራ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» ወይም «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል፣ ተመስገን!» መርሳም ወልድያም ያው ነው። ይሄ ነገር ከየት መጣ? አገራችን ወሎ ናት። የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየች እናት የልጇን ጉንጭ ሞልቶ ስታየው ብታመሰግን ማን ይፈርድባታል? ለእሷ ውፍረት ማለት «ልጄ አይሞትብኝም» ማለት ነው።

አሁን ግን ሌላ ድምፅ ተጨምሯል። የኳየሯ ልጅ ቤት ስትገባ «ከስተሻል» ትባላለች፤ ስልኳን ስትከፍት ደግሞ «ወፍረሻል፣ ቅጠኚ» ይላታል። የቱን ትስማ? አንዷ ማቅጠኛ ሻይ ትገዛለች፣ ሌላዋ ማወፈሪያ ኪኒን። እህቴ ሆይ፣ ብዙው የማቅጠኛ ሻይ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚወጣልሽ ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። በማወፈሪያ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይገኛል። ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ያ እብጠት ውበት አይደለም።

መዝሙር 139ን ክፈቱና ዳዊት ስለ ገዛ አካሉ እንዴት እንደሚያመሰግን አንብቡ። ኪሎው ስንት እንደነበር አልነገረንም። እዚህ ድረስ ሁላችንም አሜን እንላለን። ችግሩ አሜኑን ይዘን «ጌታ እንዳለሁ ከተቀበለኝ እንግዲህ የፈለግሁትን ልብላ» ስንል ነው። ሰውነትን መውደድና ሰውነትን መተው ለየቅል ናቸው። በተለይ ለእኛ፣ ለወሎ ሰዎች። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመራማሪዎች እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ ውስጥ ጥናት አድርገው ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የተፀነሱ ሰዎችን ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተፀነሱት ጋር አነጻጸሩ። በእናታቸው ማህፀን ረሃብ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ካደጉ በኋላ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ መንገድ ለሚከፍቱ ችግሮች ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ሆላንድ አገር በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት በጦርነት የተራቡ እናቶች ልጆች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማህፀን ውስጥ የተራበ አካል ትንሹን ቆጥቦ መያዝ ይለምዳል፤ በኋላ ሲጠግብ ጥጋቡ ይከብደዋል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የተወለድክ ወንድሜ፣ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎሃል። ቦርጭህ ስንፍናህን ብቻ አይናገርም፤ የእናትህንም ረሃብ ይናገራል። ስለዚህ ማንም አይሳቅብህ፣ አንተም አትፈርበት። ግን ሂድና ተለካ! ግፊት ሕመሙ አይሰማም። ጤና ጣቢያ ሄደህ በተደጋጋሚ ስትለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለብህ። ሳትበላ ጠዋት የተለካ ስኳርም 126 ከደረሰ ሐኪሙ ደግሞ ሊያየው ይገባል። ቀጭንም ብትሆን ተለካ፤ ግፊትና ስኳር ወፍራም ብቻ አይመርጡም።

ኤልያስን አስቡት፣ 1ኛ ነገሥት 19። ደክሞት «በቃኝ» ብሎ ተኝቶ ሳለ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ አስተኛው፣ እንደገና አበላው፤ ከዚያም ሩቅ መንገድ አስኬደው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ እግር! የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል ይላል። ጸሎት ቤት በባጃጅ የምንመጣ ሰዎች፣ እግር እያለን! ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን፤ ወጡ ውስጥ ያለው ጨው አብሮ ይቆጠራል። የመርሳን ፓፓያና ማንጎ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ አንተውለት፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን በልክ። ጤፉና ማሽላው ሳይነፋ ቢፈጭ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ነጭ ዱቄት ቶሎ ስኳር ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን ሳልናገር ብቀር ጌታ ይጠይቀኛል። «ተጸልዮልሻል፣ ኪኒኑን ተይው» የሚሉ አሉ። ወገኖቼ፣ የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰው በስትሮክ ሊወድቅ ይችላል። የተፈወሰ ሰው መለኪያ አይፈራም፤ ተለክቶ፣ ሐኪሙ ራሱ «አቁም» ሲለው ያቁም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱም የጾም ጸሎት ሲታወጅ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። እየጾማችሁ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቃችሁ፣ እዚያው ስኳር ያለበት ነገር ጠጡ። አጠገባችሁ ያለውም ሰው «ጾሙን ፈታ» ብሎ አይታዘባችሁ፤ ይልቅ ተነሥቶ ሻዩን ያምጣላችሁ።