ሰንጠረዡ ገጽ ሲሻገር

በስቶክሆልም ደቡብ ምዕራብ፣ በምድር ባቡሩ ቀይ መስመር ላይ ባለችው ሻርሆልመን እድር ወይም ማኅበር ያላችሁ ወዳጆቼ ይህችን ወረቀት ታውቋታላችሁ። ገንዘብ ያዡ ለዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርባት የአባላት ዝርዝር ናት፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ በስዊሽ የገባ መዋጮ፣ ቀሪ ዕዳ፣ ማስታወሻ። አባላቱ ሰማንያ ከሆኑ ሰንጠረዡ በአንድ ገጽ አያልቅም። የመጀመሪያው ገጽ ርእሱ ከላይ ስላለ ግልጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ስም፣ ቀጥሎ 900፣ ቀጥሎ 300 ይላል። የተከፈለው የትኛው ነው? የቀረውስ? ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሦስተኛው ገጽ ብቻ የደረሳቸው አንዲት እናት የከፈሉትን ዕዳ ነው ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ ሰው ቅር ተሰኝቶ ይሄዳል።

መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ከማሳየቴ በፊት ግን ነገሩ ከሥሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ይህ የገባው ሰው በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ቁልፉን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ገጹ የሚያልቅበትን በዓይኑ አይቶ፣ የርእሱን ረድፍ ኮፒ አድርጎ እዚያው መለጠፍ ነው። ለዛሬ ያምራል። ነገ አዲስ አባል ገብቶ አንድ ረድፍ ሲጨመር ሁሉም ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ አባል ከርእሱ በላይ ብቻውን ይቀመጣል። ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድር ብትሉት ደግሞ ይብሳል፦ የተለጠፉት ርእሶች እንደ አባል ተቆጥረው አብረው ይደረደራሉ፤ «ስም» የሚለው ቃል በ«ሰ» ከሚጀምሩት ሰዎች መካከል ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የገጹ ወሰን በፋይሉ ውስጥ እንደ ጽሑፉ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ዎርድ የሚያስቀምጠው ቃላቱንና ደንቦቹን ነው፤ ገጹ የት እንደሚያልቅ ከወረቀቱ መጠን፣ ከኅዳጉ፣ ከፎንቱ ቁመት እየተነሳ ደጋግሞ ያሰላል። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ በተለይ ይመለከተናል። ኒያላ የተባለው የግእዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነበር የመጣው፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ተጨማሪ የፎንት ጥቅል ውስጥ ስለገባ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። ቤታችሁ በኒያላ የጻፋችሁት ዝርዝር ኒያላ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ በኤብሪማ፣ ይተካል። የመስመሩ ቁመትና የቃሉ ስፋት ይለወጣል። አንድ ፊደል ሳትነኩ የገጾቹ ወሰን ከነበረበት ይነሳል።

የብራና ጸሐፊ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም። ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡት፣ የአውሳብዮስን ቀመር በሰንጠረዥ ይዘዋል። ቀመሩ ዐሥር ነው፤ በቀለም በተሣሉ ቅስቶች ሥር ቁጥሮች በዓምድ ተደርድረው አራቱ ወንጌላት የት የት እንደሚገናኙ ያሳያሉ። ልብ በሉ፣ በዓምዶቹ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ዓምድ የማቴዎስ፣ የትኛው የሉቃስ እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም፤ ልክ እንደ እድራችን 900 እና 300። የኛ ጸሐፍት ብራናውን አስቀድመው በወስፌ ወግተው ያሰምሩታል፤ ስንት መስመር እንደሚይዝ ከመጻፋቸው በፊት ያውቁታል። ወሰኑን ያበጀው ራሱ ጸሐፊው ስለሆነ ርእሱን በእጁ ቢጽፍ ከቦታው አይነቃነቅም። እኛ ግን የምንጽፈው ወሰኑ በሚንቀሳቀስ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ለዎርድ ቦታ ሳይሆን ደንብ ነው የምንሰጠው፦ «ይህ ረድፍ ርእስ ነው፤ ገጹ የትም ይለቅ፣ ከላይ ድገመው።»

አሁን ወደ ሥራው። የርእሱን ረድፍ ምረጡ። ከላይ ሰንጠረዡን የሚመለከተውን ሌይአውት የሚለውን ታብ ክፈቱና በስተቀኝ በኩል ሪፒት ሄደር ሮውስ የሚለውን ተጫኑ። እዚህ አገር ብዙው ኮምፒውተር በስዊድንኛ ስለሆነ ኡፕሬፓ ሩብሪክራደር ብሎ ታገኙታላችሁ። አለቀ። ርእሱ በየገጹ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ገጽ «ቀሪ ዕዳ» የሚለውን «ያልተከፈለ» ብትሉት በሁሉም ገጽ ይለወጣል። ማየት ለተሳናቸው አባላት ደግሞ ሌላ በረከት አለው፦ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ያ ረድፍ ርእስ መሆኑን ስለሚያውቅ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር የዓምዱን ስም ሊናገር ይችላል።

አንዳንዴ እምቢ ይላል። የመጀመሪያው ነገር የመረጣችሁት ከሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ መጀመሩን ማየት ነው፤ ሁለተኛውን ረድፍ ብቻውን ርእስ ማድረግ አይቻልም፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን አንድ ላይ ግን ይቻላል። ቀጥሎ በሰንጠረዡ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ቴብል ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፤ ጽሑፍ በሰንጠረዡ ዙሪያ እንዲዞር ታዝዞ ከሆነ ርእሱ አይደገምምና ወደ «ምንም» መልሱት። ሌላው፣ በሰንጠረዡ መሐል በእጅ የገባ የገጽ መቁረጫ ካለ ዎርድ ከዚያ በኋላ ርእሱን አይደግምም። አጥፉት።

እዚያው ቴብል ፕሮፐርቲስ ውስጥ የረድፍ ታብ አለ። ረድፍ በሁለት ገጽ ተከፍሎ እንዲያልፍ የሚፈቅደው ምልክት ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። ለእድር ዝርዝር እኔ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ፤ የአንድ ሰው ማስታወሻ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሲሆን አንባቢ ይደክማል። የረድፉ ቁመት በቁጥር ተወስኖ ከሆነም ልቀቁት፤ «በትክክል ይህን ያህል» ሲባል ዎርድ የተረፈውን ጽሑፍ ከእይታ ይሰውረዋል፣ ታትሞ ሲወጣም የለም።

የመጨረሻው ረድፍ፣ «ጠቅላላ ድምር»፣ ብቻውን ወደ አዲስ ገጽ የመዝለል ልማድ አለው። ከእሱ በላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ረድፎች መርጣችሁ በፓራግራፍ ሳጥን ውስጥ ኪፕ ዊዝ ኔክስት የሚለውን አብሩት፤ ድምሩ ከተደመሩት ሰዎች ጋር ይቆያል። ከሁሉም ኋላ ባዶ ገጽ ከታተመባችሁ፣ ዎርድ ከሰንጠረዥ በኋላ የግድ አንድ ባዶ አንቀጽ ስለሚያኖር ነው። እሱን መርጣችሁ የፊደሉን መጠን 1 አድርጉት።

በጉግል ዶክስ ርእሱን ፒን ማድረግ ይባላል። ሊብሬኦፊስ በሰንጠረዡ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስንት ረድፍ እንዲደገም ይጠይቃችኋል። ኤክሴል ደግሞ ፔጅ ሌይአውት ውስጥ ፕሪንት ታይትልስ አለው፤ ብዙ ሒሳብ ላለበት ዝርዝር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና ለማተም የምትልኩት እሱን ይሁን፤ ፒዲኤፍ ውስጥ ወሰኑ ይጸናል፣ ፎንቱም አብሮ ይጓዛል። ከመላካችሁ በፊት ግን ዓምዶቹን አንዴ እዩ። የአባላት ፐርሶንኑመር ያለበት ዓምድ ካለ አውጡት፤ በአዳራሽ ለሚዞር የመዋጮ ዝርዝር ስምና ሒሳብ ይበቃል።