ባህል ጋሻም ጦርም ሲሆን፦ ተፅዕኖና ርዕዮተ ዓለም በ“ሲቪላይዜሽን 5”

ፋይራክሲስ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራውና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው “ሲቪላይዜሽን 5” ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን እስከ ጠፈር ዘመን የሚመራበትና ተፎካካሪዎች እንደ ቼዝ ተራ በተራ የሚንቀሳቀሱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በጨዋታው በጦር፣ በሳይንስና በዲፕሎማሲ ድል እንደሚገኝ ሁሉ በባህልም ማሸነፍ ይቻላል፤ ሆኖም በመጀመሪያው እትም የባህል ድል ጎረቤትን የማይነካ፣ የራስን ፖሊሲ አሟልቶ የሚገኝ ጉዳይ ነበር። ይህን ከሥሩ የለወጠው በኤድ ቢች መሪ ነዳፊነት ተሠርቶ በ2013 የወጣው “ብሬቭ ኒው ዎርልድ” የተሰኘው ማስፋፊያ ነው።

ማስፋፊያው ሁለት መለኪያዎችን አቆመ። አንደኛው “ባህል” የሚባለው፣ ሕዝቡ ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ ለራሱ ያከማቸው ሀብት ሲሆን፣ ሁለተኛው “ቱሪዝም” የሚባለው፣ የሌላውን ሕዝብ ቀልብ የሚስብበት ኃይል ነው። የአንዱ ሕዝብ ተፅዕኖ የሚለካው በሌላው ላይ ያሳደረው የቱሪዝም ድምር ለተቀባዩ ጠቅላላ የባህል ድምር ሲካፈል በሚገኘው መቶኛ ነው፤ 30 በመቶ ላይ “የታወቀ”፣ 60 ላይ “ተወዳጅ”፣ 100 ላይ “ተፅዕኖ አሳዳሪ” ይባላል፤ ለድል የሚያበቃውም በቀሩት ተፎካካሪዎች ሁሉ ላይ 100 በመቶ መድረስ ነው። ለምሳሌ 4,000 ነጥብ ባህል ያከማቸና በየተራው 50 የሚጨምር አገር፣ እስካሁን 1,200 ቱሪዝም ያሳደረበትና በየተራው 150 የሚያክልበት ባላንጣ ቢገጥመው፣ ከ28 ተራ በኋላ ሁለቱም ድምሮች 5,400 ላይ ይገናኛሉ፤ በዚያን ጊዜ የተቀደመው መሪ በማያ ገጹ ላይ ቀርቦ ሕዝቡ የባላንጣውን ጂንስ ሱሪ እየገዛና ሙዚቃውን እያዳመጠ መሆኑን በሥጋት ይናገራል።

የቱሪዝም ዋነኛ ምንጮች ታላላቅ ደራስያን፣ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች የሚተዉአቸው ሥራዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥራ በየተራው 2 ባህልና 2 ቱሪዝም ያስገኛል። ሁለት ሥራዎችን የሚይዘው ሙዚየም የአንድ ሕዝብና የአንድ ዘመን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉበት ተጨማሪ ነጥብ ስለሚሰጥ፣ ተጫዋቹ እንደ እውነተኛ የሙዚየም ኃላፊ የጎደለውን ሥዕል ከሌላ አገር ጋር እስከ መለዋወጥ ይደርሳል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የአርኪዮሎጂው ክፍል ነው፤ የቁፋሮ ቦታዎቹ የሚገኙት በዚያው ጨዋታ ውስጥ ከብዙ ምእት ዓመታት በፊት ጦርነት በተካሄደበት ወይም የወንበዴዎች ሰፈር በፈረሰበት ስፍራ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የሚቆፍረው ራሱ የሠራውን ታሪክ ነው።

ግንኙነትም ተፅዕኖን ያፋጥናል፤ ክፍት ድንበር፣ የንግድ መሥመርና የጋራ ሃይማኖት እያንዳንዳቸው ቱሪዝምን በ25 በመቶ ያሳድጋሉ። በ2012 በወጣው ማስፋፊያ ወደ ጨዋታው የገባችው ኢትዮጵያ እዚህ ላይ ጥሩ መነሻ አላት፤ ሌሎች ሕዝቦች በሚያቆሙት ሐውልት ምትክ የምታቆመው የድንጋይ ሐውልት፣ አክሱምን የሚያስታውሰው፣ ከ2 ነጥብ ባህል ሌላ 2 ነጥብ እምነት ስለሚያስገኝ ሃይማኖቷን ቀድማ መሥርታ ለማሠራጨት ያግዛታል።

ርዕዮተ ዓለም የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሦስት ፋብሪካ የሠራ ወይም ዘመናዊው ዘመን ላይ የደረሰ ሕዝብ ነፃነትን፣ ሥርዓትን ወይም አምባገነንነትን ይመርጣል፤ ፋብሪካ ያለ ድንጋይ ከሰል ስለማይሠራ፣ ከሰል በምድሩ ያለው ቀድሞ መርጦ የርዕዮተ ዓለሙን ሁለት መርሖዎች በነፃ የማግኘት ዕድል አለው። ርዕዮተ ዓለማቸው የተለያየ አገሮች ቱሪዝማቸው እርስ በርስ በ34 በመቶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የባላንጣው ተፅዕኖ ደረጃ ከራስ ሲበልጥ፣ ሕዝቡ የገዥዎቹን ምርጫ መጠራጠር ይጀምራል። በመጀመሪያ ተቃዋሚዎች ይታያሉ፣ ቀጥሎ ሕዝባዊ እምቢተኝነት፣ በመጨረሻም አብዮታዊ ማዕበል ይነሣል፤ በየደረጃው የሕዝቡ ደስታ እየወረደ ይሄዳል፣ ከተሞችም ከድተው ወደ ባላንጣው ሊገቡ ይችላሉ። መሪው ርዕዮተ ዓለሙን መቀየር ይችላል፤ ዋጋው ግን አገሪቱ ለጥቂት ተራዎች ያለ መንግሥት ሥርዓት መቆየቷና ካገኘቻቸው መርሖዎች የተወሰኑትን ማጣቷ ነው። በጦር ሜዳ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ መንግሥት ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ችላ በማለቱ ብቻ ከውስጥ ሲፈርስ ማሳየቱ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ስኬት ነው።

ጉድለቱም በዚያው ልክ ጎልቶ ይታያል። ባህል በጨዋታው ውስጥ ይስባል ወይም ይመክታል እንጂ አይዋሐድም፤ የሌላውን ዘፈን የሰማ ሕዝብ በራሱ ቅኝት መልሶ የሚዘፍንበት መንገድ የለም። ከዚህም የተነሣ ባህሉ የጠነከረ አንድ አገር ብቻ ሲቀር ተጫዋቹ ከእርሱ ጋር የሚዋሐድበት ሳይሆን የሚሰብርበት ዘዴ ይፈልጋል። የተለመደው ዘዴ ታላላቅ ሙዚቀኞችን ወደዚያ አገር ልኮ ኮንሰርት ማሳየትና በአንድ ጊዜ ብዙ ቱሪዝም ማፍሰስ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ግን በተዘጋ ድንበር ስለማያልፉ፣ የሰላሙን የባህል ድል የሚሻው ተጫዋች መንገድ ሊከፍትላቸው ሲል ጦርነት ያውጃል።