የፈረንጅ ጥድና የፓቱላ ጣውላ ሳይዝጎረጎር ስለ ማቅለም

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ከተተከሉ ደኖች የሚገኘው የፈረንጅ ጥድና የፓቱላ ጣውላ ለወንበር፣ ለጠረጴዛ፣ ለመደርደሪያና ለተማሪ ዴስክ ያገለግላል። ሁለቱም ለስላሳ እንጨት ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ ለመጋዝና ለመላጊያም ይመቻሉ። ነገር ግን መልካቸው ነጣ ያለ በመሆኑ ብዙ ገዢ እንደ ዋንዛ ጠቆር ቢልለት ይመርጣል። ማኅበሩም ማቅለሚያ ይገዛና ይቀባል። ብዙ ቀን የተደከመበት ጠረጴዛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዝንጉርጉር የሚሆነው ይኸን ጊዜ ነው። ማቅለሚያው ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ በጨርቅ ጠርጎ ማስለቀቅ አይቻልም፤ እንደገና መላግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዕቃው በርካሽ ይሸጣል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማቅለሚያው አይደለም። የእነዚህ እንጨቶች የዕድገት ቀለበት ሁለት ክፍል አለው። ዛፉ በፍጥነት ሲያድግ የሠራው ክፍል ሳሳ ያለ ስለሆነ ቀለም አብዝቶ ይጠጣል፤ ዕድገቱ ሲዘገይ የሠራው ጥቅጥቅ ያለ መስመር ግን እምብዛም አይጠጣም። ስለዚህ ሲቀባ ነጩ ይጠቁርና ጥቁሩ መስመር ነጥቶ ይቀራል። ይህ በፓቱላ ላይ ጎልቶ ይታያል። በቅርንጫፍ አንጓ ዙሪያ የእንጨቱ ጭረት ስለሚጣመም እዚያም ቀለሙ ይበዛል፤ የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጠጣል። ፓቱላ ሙጫ አለው፤ ሙጫ የወጣበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። የፈረንጅ ጥድ የሙጫ ቱቦ ስለሌለው በዚህ በኩል ይሻላል።

በመጀመሪያ ጣውላው መድረቁን ማረጋገጥ ይገባል። በእጅ ዳስሶ «ደርቋል» ማለት አይበቃም። ከጣውላው መካከል፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በሚዛን መመዘን፣ ከዚያም ሳያሳርሩ በሞቃት ምድጃ ማድረቅና ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሞ መመዘን ነው። የቀነሰው ክብደት ለደረቀው ክብደት ሲካፈል የእርጥበቱ መጠን ይታወቃል። ለምሳሌ 112 ግራም የነበረው ቁራጭ 100 ግራም ላይ ቢቆም እርጥበቱ 12 በመቶ ነው፤ ለቤት ዕቃም ይስማማል። ከዚህ ብዙ የበለጠ ከሆነ ጣውላውን በየረድፉ ቀጫጭን አግዳሚ እያስገቡ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ጥላ ሥር ቢከምሩት ነፋስ ያገኘዋል።

ከመላጊያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይከተላል። በቁጥር 80 ተጀምሮ በ120 አልፎ በ150 ወይም በ180 ያበቃል። ፍግፈጋው ሁልጊዜ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ነው፤ አግድም የተፈገፈገበት ቦታ ሳይቀባ አይታይም፣ ሲቀባ ግን ጥቁር ጭረት ሆኖ ይወጣል። የጣውላውን ጫፍ ብቻ እስከ 220 ማለስለስ ይጠቅማል፣ ቀለም እንዳያበዛ ያግደዋልና። በመገጣጠሚያ ላይ የፈሰሰ ኮላም ተፍቆ መነሣት አለበት፤ ኮላ ያለበት ቦታ ቀለም ስለማይጠጣ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይመጣል። ማቅለሚያ ከመቀባቱ በፊት እንጨቱን በስሱ ማስጠጣት ያስፈልጋል። 100 ግራም ያህል ጎማላካ በ1 ሊትር አልኮል አሟሙቶ አንድ ጊዜ መቀባት፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ይህ ስስ ሽፋን የሚጠጣውን ክፍል በከፊል ስለሚዘጋ ቀለሙ ተመጣጥኖ ይወርዳል። ሆኖም የሚያገለግለው በዘይት ለተበጠበጠ ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው በአልኮል የሚሟሟ ከሆነ ሽፋኑን መልሶ ያቀልጠዋል።

ማንኛውም ማቅለሚያ ዕቃው ላይ ከመዋሉ በፊት ከዚያው ጣውላ በተቆረጠ፣ እንደ ዕቃው በተፈገፈገና በተቀባ ቁራጭ ላይ ይሞከር። ከሌላ እንጨት የተወሰደ ቁራጭ አያገለግልም። ማቅለሚያው በጨርቅ በብዛት ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ጠቆር እንዲል ከተፈለገ ሲደርቅ መድገም ይሻላል እንጂ አንዴ አወፍሮ መተው አይገባም። በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ይቀባል።

የሐበሻ ጥድ አሮጌ ዕቃ ለጥገና ቢመጣ ማቅለሚያ አይሻም፤ የራሱ ቀላ ያለ መልክ ከሚገዛው ቀለም ሁሉ ያምራል።

በየቦታው እንጨትን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ማጥቆር የተለመደ ነው። ዋጋው እንደሚያጓጓ እናውቃለን፤ ነገር ግን ለቤት ዕቃ፣ ለተማሪ ዴስክ፣ ለእህል ማስቀመጫና ለንብ ቀፎ ፈጽሞ መዋል የለበትም። አይደርቅም፣ ልብስ ያበላሻል፣ ቫርኒሽም አይይዝበትም፤ ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮችም አሉበት።

የሥራ ክፍል ኃላፊዎች በተለይ ሊቆጣጠሩት የሚገባ አንድ አደጋ አለ። የተልባ ዘይት ወይም በእርሱ የተበጠበጠ ማቅለሚያ የነካው ጨርቅ በሚደርቅበት ጊዜ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይሞቃል። ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም እሳት ሳይለኩስበት ሊነድ ይችላል። በሰጋቱራና በጣውላ በተሞላ ክፍል ውስጥ ይህ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ከክፍሉ ወጥቶ፣ ነጠላ ሆኖ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር።