ማኅተምን አሳልፎ ስለ መስጠት

በቀደመው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም በጸሐፌ ትእዛዙ ዘንድ በብርቱ ጥንቃቄ ይጠበቅ የነበረው፣ የተሠራበት ማዕድን ክቡር ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ የጌታው ቃል ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ሹመት ስለሚያሰጥና ስለሚያስሽር፣ ርስትም ስለሚያስተክልና ስለሚያስነቅል ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ማኅተም ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በየሰው ኪስ ገብቷል። በሰበታ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር እናት፣ በቡራዩ ከታ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ፣ በሱሉልታ ላሞቹን አልቦ ወተት ለአዲስ አበባ የሚያቀርብ ገበሬ፣ ሁሉም በስልክ ገንዘባቸውን የሚያዙበት የምስጢር ቁጥር አላቸው። የቴሌብሩ ስድስት አኃዝ፣ የሲቢኢ ብሩ አራት አኃዝ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጥቂት አኃዝ በተጻፈ ጊዜ ትእዛዙ የባለቤቱ ትእዛዝ ሆኖ ይፈጸማል እንጂ፣ የጻፈው ጣት የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ዳኛ በመካከል አይቆምም።

ቴሌብር ሥራውን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመቀነትና ከሙዳይ ወጥቶ ወደ ስልክ የገባበት ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው፤ ይልቁንም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ሦስት ከተሞች፣ ሰው ጧት በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ ጎርፎ ማታ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ የቤት ኪራዩም፣ ዕቁቡም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውም የሚላከው በስልክ ሆኗል። ጎረቤቱን ገና ያልተዋወቀ አዲስ ነዋሪም ይበዛባቸዋልና፣ እንግዳ ድምፅ በስልክ በመጣ ጊዜ እንደ ድሮው መንደር «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ዘሩን አስቆጥሮ ማንነቱን መለየት አይቻልም።

ሐሳዊው መልእክተኛ የሚገባው በዚህ በር ነው። አንዲት የሱቅ ባለቤት ከቀትር በኋላ ተቀምጣ ሳለች ስልኳ ጠራ እንበል። ደዋዩ በስሟ ይጠራታል፤ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ይላል፤ አነጋገሯን አይቶ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይቀጥላል። ስሟን ማወቁ ተአምር አይደለም፤ ወደ አንድ ሰው ሒሳብ ገንዘብ ለመላክ የጀመረ ሁሉ፣ ከመላኩ በፊት የባለቤቱ ስም ይታየዋልና። እርሷ ግን ስሟን ሲጠራ በሰማች ጊዜ ልቧ ግማሽ በግማሽ አምኖታል። «ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ መረጃዎን እናድስልዎ» ይላታል፤ ወይም «ስልክ ቁጥርዎ ዕጣ ወጥቶለታል» ይላታል። የመጀመሪያው በፍርሃት፣ ሁለተኛው በደስታ አእምሮዋን ያናውጣል፤ በሁለቱም መንገድ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቆም ብላ እንዳታስብ፣ ከልጆቿም ጋር እንዳትመክር።

ከፍርሃትና ከደስታም በላይ አታላዩን የሚረዳው ይሉኝታችን ነው። እኛ በለሰለሰ አንደበት፣ በ«እርስዎ» እና በ«እናቴ» የሚያናግርን ሰው ንግግሩን ቆርጠን ስልክ መዝጋትን እንደ ጥጋብ እንቆጥረዋለን። ይህ ጠባይ በራሱ መልካም ነው፤ ከአባቶቻችንም የወረስነው ነው። ነገር ግን አታላዩ ከማንኛውም የኮምፒውተር ዕውቀት ይልቅ ይህን ጠባይ ጠንቅቆ አጥንቶታል።

አሁን ምስጢሩን እንመልከት። እርሱ በእርጋታ እያነጋገራት ሳለ፣ በሌላ ስልክ ላይ የእርሷን ቁጥር አስገብቶ በስሟ ወደ ሒሳቧ ለመግባት ይሞክራል። ድርጅቱም የሚገባው ሰው በእርግጥ የሒሳቡ ባለቤት መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር በአጭር መልእክት ወደ እርሷ ስልክ ይልካል። «አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ያነበበችለት እንደ ሆነ የደጇን ቁልፍ አቀበለችው፤ የምስጢር ቁጥሯን ከጨመረችለት ደግሞ ሙዳዩን ራሷ ከፈተችለት። አንዳንዱም ኮከብና መሰላል ያለበትን ረጅም ቁጥር «እኔ እንደምነግርዎ ይደውሉ» ይላል፤ ይህ የራሷን ገንዘብ የሚያዘዋውር ትእዛዝ ወይም ጥሪዎቿን ሁሉ ወደ እርሱ ስልክ የሚያሳልፍ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የባንክ መተግበሪያ አስመስሎ የሚልክም አለ፤ እርሱን በስልኩ ላይ የጫነ ሰው የሚገቡለትን መልእክቶች ሁሉ ለሌላ ዓይን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ገንዘብ የገባ የሚያስመስል መልእክት ልኮ «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚለውም የታወቀ ነው፤ የቴሌብር እውነተኛ መልእክት የሚመጣው በ127 ስም ሲሆን፣ የአታላዩ ግን ከተራ ስልክ ቁጥር ተመሳስሎ የተጻፈ ነው። ለባለ ሱቅም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳየው የክፍያ ሥዕል በቀላሉ ይሠራልና፣ ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት መታየት ያለበት የሻጩ የራሱ ሒሳብ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳት ከባንክ ስህተት የከፋ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። በባንኩ አሠራር ላይ በተፈጠረ ጉድለት ምክንያት፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አዘዋወሩም፤ ባንኩ የጠቀሰው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ በመዝገብ ተለይቶ ታወቀ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስም ይፋ ወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። የሱቋ ባለቤት ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ባንክ ሲሳሳት መዝገቡ ስህተቱን ይመሰክራል፤ የምስጢር ቁጥሯን የሰጠች ሴት ግን መዝገቡ የሚመሰክረው በእርሷ ላይ ነው፤ ከፋይዋ ራሷ ናት ይላልና።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸምን ማታለልና የሌላውን ሰው ማንነት መስረቅን ይቀጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስቡ ሁሉ እንዲጠብቁት ያዛል። ይሁን እንጂ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየደላላው ጠረጴዛ ተጥሎ የሚቀረውን የመታወቂያችንንና የፋይዳ ቁጥራችንን ቅጂ መሰብሰብ ለጊዜው የራሳችን ሥራ ነው። ገንዘቡም ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ተላልፎ በጥቂት ደቂቃ በጥሬው ሊወጣ ይችላልና፣ የተታለለ ሰው ኀፍረት ይዞት ሊዘገይ አይገባም። የንግድ ባንክ ደንበኛ በ951፣ የቴሌብር ደንበኛ በ994 ወዲያው ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ የግብይቱን መለያ ቁጥርና ሰዓት ይዞም ለፖሊስ ማመልከት አለበት፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም የሳይበር ጥቃት ጥቆማ በ933 ይቀበላል።

ባንኮቻችን በፌስቡክ ገጻቸው የሚጽፉት ማስጠንቀቂያ መልካም ነው፤ ግን ፊደል ያልቆጠሩት እናት መቼ ያነቡታል? አጭር መልእክት በገባ ቁጥር ስልካቸውን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለወኪሉ ሠራተኛ የሚሰጡ፣ የምስጢር ቁጥራቸውንም «አንተው ጻፍልኝ» የሚሉ ሽማግሌዎች በሦስቱም ከተሞች ሞልተዋል። ማስጠንቀቂያው በሚሰሙት ቋንቋ፣ በድምፅ፣ በገበያ ቀን፣ በቅርንጫፉ ደጃፍ ሊነገራቸው ይገባል፤ ይህን አለማድረግ ትልቅ ጉድለት ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ ይህን የምታነቡ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የምስጢር ቁጥራቸው የልደት ዓመታቸው ወይም 123456 እንደ ሆነ ራሳቸው እንዲለውጡት አስተምሯቸው፤ እናንተም ዓይናችሁን መልሱ። 951ን፣ 994ንና 933ን በስልካቸው መዝግቡላቸው። ባንክም ሆነ ቴሌ የምስጢር ቁጥር በስልክ እንደማይጠይቅ ደጋግማችሁ አስረዷቸው፤ «እናቴ» እያለ ይህን የሚለምናቸው ሰው ሲገጥማቸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይመልሱ ስልኩን ቢዘጉበት ነውር እንደሌለበት ንገሯቸው።